በኮባ የተጠቀለለች ሞተር

ባሌ ዘርዓብሩክ ሞተሩን ከእኔ አስበልጦ ይንከባከባል። ይህን የምለው በቅናት አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ በቅናት ነው። በዚያ ሳምንት ግን እያጠበ ቢውልም አልፈረድኩበትም። ሞተሯ ከዲላ በአይሱዙ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ቺሊ ልትሄድ ነው። እሱ በአውሮፕላን ይከተላትና፣ አምና መንገድ ላይ ሞተሩ ተበላሽቶበት እኛ ቤት ከከረመው ቺሊያዊ ሞተረኛ ጋር እስከ ኮሎምቢያ ይነዳል። እዚያ ያሉትን ቡና ለቃሚዎች ማየት አለብኝ ይላል። ዲላ አጠገብ ባለችው የቡና አገር ጪጩ ተወልዶ ቡና ማየት ያልጠገበ ሰው እሱን ብቻ ነው የማውቀው።

ዕቃውን የሚያስልክልን ትራንዚተር አሚን ከአዲስ አበባ በየጊዜው ይደውላል። ጎማው ላይ ጭቃ ወይም የቅጠል ቁራጭ ከተገኘ ቺሊዎች ሞተሯን አያስገቡም። የሳጥኑ እንጨት እንኳ ነቀዝ እንዳይኖረው በሙቀት ያለፈ ነው፤ ማህተም አለበት። ዘርዓብሩክ የጎማውን ጥርስ በጥርስ ብሩሽ ሲፈትግ ደረስኩበት። ብሩሹ የእኔ ነበር።

ከሁሉ ያስጨነቁት ግን አባቱ ናቸው። አባባ ፊሊጶስ ጪጩ ቡናና እንሰት ያላቸው ገበሬ ናቸው። የመጀመሪያ ልጃቸው ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በዚያው ቀርቷል። የዘርዓብሩክን ጉዞ ከሰሙ ጀምሮ «ሂድ» አላሉም፣ «ቅር»ም አላሉም። እሱ ደግሞ ቁርጡን ነግሮኛል፦ «አባባ ሳይመርቀኝ ሞተሯም አትጫንም፣ እኔም አልሄድም።»

በሚጫንበት ቀን ጠዋት ማሰሪያ ገመድ ገዝተን ስንመለስ አባባ ግቢያችን ውስጥ ቁጭ ብለዋል፤ ክረምት ከበጋ የማይለያቸውን ረጅም ካፖርት ለብሰዋል። ሞተሯ አትታይም። ከላይ እስከ ታች በእንሰት ቅጠል፣ በትኩስ ኮባ ጠቅልለዋታል። መሪዋ ሳይቀር በቃጫ ጥብቅ ብሎ ታስሯል። ቆጮ ለሩቅ ዘመድ ሲላክ እንዲህ ነው የሚጠቀለለው።

«ባሕር ላይ ብቻዋን ናት አሉ» አሉ አባባ፣ ቀና ሳይሉ። «እንዳትመታ ነው።»

ዘርዓብሩክ ሲጠብቀው የከረመው ምርቃት ይኸው መጣለት። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ አሚን ነው፣ በቪዲዮ። ሳጥኑ ሳይታሸግ ሞተሯን ላያት ይላል። ባሌ ስልኩን ወደ ሞተሯ አዞረ።

«ዘርዓ፣» አለ አሚን፣ «ሞተር ነው ሰላጣ የምትልከው?»

ባሌ ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ጉዞው ይቅር» አለኝ በሹክሹክታ። «አባባ ያሰረውን እኔ አልፈታም።»

እኔ እንዲህ ያለው ነገር ላይ ትዕግሥት የለኝም። ሄጄ አባባ አጠገብ ቁጭ አልኩ።

«አባባ፣ እዚያ አገር ቅጠል አይገባም።»

«ለምን?»

«በሽታ ይዞ ይመጣብናል ብለው ይፈራሉ። ተክላቸውን እንዳይነካባቸው።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቃጫውን በጣታቸው እየነካኩ አሰቡ።

«የኛም እንሰት ሲታመም እንዲህ ነው» አሉ። «ከታመመ ጓሮ ችግኝ አይገባም። ቢላው ራሱ በእሳት ያልፋል። ጥሩ ገበሬ ናቸው ማለት ነው።»

ተነሥተው ቋጠሮውን ራሳቸው ፈቱት። ባሌ ሊያግዛቸው ሲጠጋ «ተው፣ ያሰርኩት እኔ» አሉት። ሞተሯ ራቁቷን ስትቀር ዙሪያዋን አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ጨርቅ ይገባል?»

«ንጹሕ ከሆነ ይገባል።»

ካፖርቱን አውልቀው ሰጡኝ። ከተጋባን ጀምሮ አባባን ያለ ካፖርት ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ትከሻቸው እንዲህ ቀጭን መሆኑን አላውቅም ነበር፤ አንጀቴን በሉት። ከኪሱ የቡና ፍሬ ለቅሜ አወጣሁ፣ ካፖርቱን አጠብኩት፣ ውጪ ስለሚያካፋ በከሰል ካውያ አደረቅኩት። የአይሱዙው ሹፌር ጥሩንባውን እየነፋ አበደ። አባባ ካፖርቱን በነዳጅ ታንከሯ ላይ ጠቀለሉ፣ እጅጌዎቹን ከሥር አሰሩ፣ ከዚያ የልጃቸውን ራስ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ሂድ» አሉት። «ደርሰህ ና።»

ከሄደ ጀምሮ ሌሊት ስገላበጥ ከርሜ፣ ሐምሌ ላይ ከቺሊ ፎቶ መጣልኝ። ዘርዓብሩክ ወደብ ላይ፣ ከተከፈተው ሳጥን አጠገብ፣ በአባቱ ካፖርት ውስጥ ይስቃል። እጅጌው አጥሮታል። እዚያም ብርድ ነው። ፎቶውንና ከዲላ የገዛሁትን አዲስ ካፖርት ይዤ ጪጩ ወረድኩ። አባባ በስስ ሹራብ እሳት ዳር ተኮራምተዋል። ስልኩን አቅርበው አርቀው ደጋግመው አዩት፤ አዲሱን ካፖርት ግን አጥፈው መለሱልኝ።

«ብርዱ እኮ ይጎዳዎታል፣ አባባ።»

«እኔ ካፖርት አለኝ። መንገድ ላይ ነው» አሉኝ። «አልሰጠሁትም፣ አውሼው ነው። የሰው ዕቃ ይዞ የሚቀር ልጅ አላሳደግኩም።»

ከዚያን ቀን ወዲህ እኔም እንቅልፌን እተኛለሁ።