ቱቦው ላይ የተጠቀለለው ፕላስተር

በ1988 ዓ.ም. አንድ ረፋድ ላይ የወልድያው ነጋዴ ጋሽ ኣማኒኤል አሮጌ ፒክአፓቸውን መርሳ፣ መካኒኩ ካሳዬ ዘንድ አመጡ። ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሯ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ሚኒሞዋ፣ ከልክ አልፎ፣ ቆማም ሞተሯ ይጮኻል። ካሳዬ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያዳምጥ፣ ካርቡራተሩ ሥር ተሰንጥቆ አየር የሚስብ የጎማ ቱቦ አገኘ። ቱቦው ላይ ፕላስተር ተጠቅልሏል። ጣቱ በዘይት ቢያዳልጠው ጫፉን በጥርሱ ነክሶ ላጠው።

«ማን ነው የጠቀለለው ጋሼ?»

«እኔው ነኝ። ሲሪንቃ ላይ ስትጮህብኝ ከተረከዜ ቁስል ልጬ ለጠፍኩባት።»

ካሳዬ እንትፍ አለ፤ ደግሞ እንትፍ አለ። አፉን ደጋግሞ ተጉመጥምጦ አዲስ ቱቦ ገጠመና ሚኒሞውን በካቻቢቴ አስተካከለ። ሞተሯ ረጋ።

«እጅህ ይባረክ! ና ምሳ ልጋብዝህ» አሉት።

«ኧረ ይቅርብኝ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ያን ቀን እህል የሚባል በአፉ አልዞረም።