ዐሥራ ሁለተኛዋ ኮከብ

ዘመናይ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፏን ሰኞ ልታቀርብ ነው፤ ዛሬ ሐሙስ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ በፊዚክስ ተማሪዎች ጠባብ ቢሮ ውስጥ፣ አብሯት የሚማረው አምሳሉ ለመጨረሻ ጊዜ እያነበበላት ነው።

ጽሑፉ ስለ ዐሥራ ሁለት ቀይ ግዙፍ ከዋክብት ነው። ያሉት ከእኛ ጋላክሲ ውጭ፣ በአንዲት ድንክ ጋላክሲ ውስጥ ነው። ብርሃናቸው በየቀለሙ ሲበተን ከሚታዩት ጥቁር መስመሮች ብረታቸውንና ማግኒዥየማቸውን ለክታለች። ዐሥራ ሁለተኛዋ ትለያለች፤ ብረቷ የፀሐይን አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ምዕራፍ ሦስት በሙሉ ስለ እሷ ነው።

ቴሌስኮፑ ያለው ቺሊ ነው። እዚያ ሌሊት ሲሆን እዚህ ረፋድ ነውና፣ ዘመናይ ምልከታውን ከዚሁ ቢሮ ነበር የተከታተለችው። መሐል ላይ መብራት ጠፍቶ የዚያች ኮከብ ፋይል የምልከታው ቀን ጎድሎት ወረደ። ቀኑን ከወራት በኋላ ከማስታወሻ ደብተሯ አይታ ሞላችው።

አምሳሉ ደብተሩን ገልጦ ቆየ።

«አንቺ፣ እዚህ ‹5/12፣ ዝናብ፣ መብራት የለም› ይላል።»

«አዎ፣ ዲሴምበር አምስት።»

«ዲሴምበር አምስት እኮ ኅዳር ነው። እናንተ አገር ይጁቤ ጤፍ የሚታጨደው በጃንጥላ ነው እንዴ?»

ዘመናይ ደብተሩን ተቀበለችው። የጻፈችው በእኛ አቆጣጠር ነበር፤ ነሐሴ አምስት።

የኮከብ ፍጥነት ሲሰላ የምድር የራሷ ጉዞ መታረም አለበት፤ ምድር ደግሞ በነሐሴና በኅዳር የምትሄደው ወደ ተለያየ አቅጣጫ ነው። ቀኑን አስተካክላ እንደገና አሰላች። ፍጥነቱ በሰከንድ ሠላሳ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ተለወጠ። ኮከቧ ከዐሥራ አንዱ ጋር አትጓዝም። የእኛው ጋላክሲ ኮከብ ናት፤ ከፊት ለፊታቸው ስለቆመች ከእነሱ ጋር ተቆጥራ ነው።

«ማንም አያውቅም» አለ አምሳሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ባልቀልድ አንቺም አታውቂም ነበር።»

«ቀለድክ እኮ።»

አማካሪዋ ዶክተር ደምለው ደብተሩንም ስሌቱንም አዩ።

«ስንት ጊዜ አሰላሽው?»

«አራት ጊዜ፣ ዶክተር።»

«እኔም አምኜ አልፌዋለሁ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ወይ ወደሚቀጥለው ሴሚስተር እናዛውረውና ሌላ ምልከታ እንጠይቃለን። ወይ ሰኞ ያለ ምዕራፍ ሦስት ትቀርቢያለሽ። ያለ እሷ ግን ቀጭን ነው፤ ፈታኞቹ ሊጥሉሽ ይችላሉ።»

«እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

«የምትቀርቢው አንቺ ነሽ።»

ደብተሯን ከጠረጴዛው አነሳች። «ዐሥራ አንዱ ትክክል ናቸው። በእነሱ ልቅረብ።»

ዓርብ ከጽሑፉ ሃያ አራት ገጽ አወጣች። የጋላክሲዋን አማካይ ብረት እንደገና አሰላች፤ በጥቂቱ ከፍ አለ። ከሠንጠረዡ ሥር «አንዲት ኮከብ በቀን አጻጻፍ ስሕተት ተካትታ ነበር፤ ወጥታለች» ብላ ጻፈች።

አምሳሉ አነበበው። «የማን ስሕተት እንደሆነ አይልም።»

«በቀን» የሚለውን «በእኔ የቀን» ብላ ለወጠችና ለፈታኞቹ ላከችው።