አሥራ ሁለት ማይል

በኔቫዳ በረሃ፣ ከባቡሩ ሐዲድ አርባ ማይል ርቃ በቆመች የራዲዮ ጣቢያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከባድ ሥራ እንዳይመስልህ። በየሰዓቱ ደጅ ትወጣለህ፤ በስተምዕራብ ሸንተረሩ ላይ የተተከለውን የአውሮፕላን መንገድ መብራት ማማ በዓይንህ ትፈልጋለህ። ማማው ከታየ አየሩ እስከ አሥራ ሁለት ማይል ጥርት ብሏል ማለት ነው። ካልታየም አልታየም ትላለህ። ገብተህ ያየኸውን መዝገብ ላይ ትጽፍና ለአብራሪዎቹ በራዲዮ ትነግራለህ። እነሱ ይሰሙናል፤ እኛ ግን አንሰማቸውም፤ መናገሪያ አልነበራቸውም።

ፖስታ አመላላሹ አብራሪ ክላይድ ራስሙሰን ግን መላ ነበረው። ባለፈ ቁጥር ዝቅ ብሎ የሶልት ሌክ ከተማ ጋዜጣ ይወረውርልናል፤ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ የሞነጫጨራት ነገር አትጠፋም። አንዴ “ሉንድ፣ ድምፅህን ስሰማ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነበር” ብሎ ጽፎልኛል።

መጋቢት ውስጥ አንድ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የውኃ መሳቢያው ሞተር እምቢ ብሎን እኔና መካኒኩ ኦሪን እስከ ክርናችን በዘይት ተለውሰናል። የምናገርበት ሰዓት ደረሰ። ማማው ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳይጠፋ ታይቷል። አልወጣሁም። “ማማው ይታያል፣ አሥራ ሁለት ማይል” አልኩ፤ መዝገቡም ላይ ጻፍኩና ወደ ሞተሩ ተመለስኩ።

ብዙም ሳይቆይ አውሮፕላኑ በላያችን አለፈ። ስወጣ በረዶ ይጥላል፤ ሸንተረሩ የለም። ሮጬ ገብቼ “ተመለስ ክላይድ” እያልኩ ግማሽ ሰዓት ጮህኩ። በረዶ ሲጥል ግን አብራሪው ጆሮ ውስጥ የሚገባው ጫጫታ ብቻ ነው።

በማግስቱ ሸንተረሩ ላይ ተከስክሶ አገኙት። መርማሪዎቹ መዝገቤን አይተው አመሰገኑኝ፤ “አብራሪው በማን አለብኝነት ደመና ውስጥ ገባ” ብለው ጻፉ። ምንም አልተሰማኝም። በላሁ፣ ተኛሁ፣ በየሰዓቱ እየወጣሁ ማማውን አየሁ።

በረዶው ሲቀልጥ ኦሪን ከቁጥቋጦ ሥር ያገኘውን የራሰ ጋዜጣ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ኅዳጉ ላይ እንዲህ ይላል፦ “ከፊቴ ምንም አይታየኝም፤ ልመለስ ነበር። አንተ ይታያል ካልክ ግን እሄዳለሁ።”

“ምድጃ ውስጥ ክተተው” አለኝ ኦሪን። “ሰውዬውን አይመልሰውም። አንተን ግን ከሥራህ ያፈናቅልሃል።”

“አውቃለሁ” አልኩት። ኪሴ ከተትኩት።

ግንቦት ላይ የክላይድ ሚስት ቨርና ማማውን ልታይ መጣች። ደጅ ቆመን አየነው።

“ሚስተር ሉንድ፣ እውነቱን ይንገሩኝ” አለች። “ልጆቼን ሰው ሁሉ ‘አባታችሁ ልታይ ባይ ነበር፣ ራሱን በራሱ ገደለ’ ይላቸዋል። እኔም ሲብስብኝ እረግመዋለሁ። ሦስት ልጅ ጥሎብኝ! እውነት እንደዛ ነው?”

“አይደለም” ብዬ ጋዜጣውን ሰጠኋት።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። “ታዲያ ያን ቀን ማማውን አይተውት ነበር?”

“አላየሁም። ደጅ አልወጣሁም።”

በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትመታኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን ጋዜጣውን እጥፍ አድርጋ ደረቷ ላይ ያዘችው።

“ልመለስ ነበር ይላል” አለች። “ሊመለስልን ነበር።” ይህንኑ እየደጋገመች ወደ መኪናዋ ሄደች።

ሰዓቱ ደርሶ ነበር። ማማውን በደንብ አይቼ ገባሁና ማይክሮፎኑን ከፈትኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያልኩትን ልል አፌን ብከፍት፣ ድምፄ አልወጣ አለኝ።