ስንት ልጨምር?

«ዓይኑን የጨፈነ ፎቶ ለሠልስት ይወጣል? ምን ጉድ ነው!» አለች እቴነሽ፣ የሟች ወንድሟን የቀበሌ መታወቂያ እያገላበጠች።

ፎቶ አንሺው አያሌው የደብረ ታቦርን ሙሽራ ሁሉ ሲያነሳ ኖሮ፣ ለራሱ ያለው ይህችው ናት። እሷንም ራሱ ለራሱ ሲያነሳ ዓይኑ ተጨፈነ። የቀበሌው ሊቀ መንበር እንኳ «ጓድ አያሌው፣ ንቃት ይጎድልሃል!» ብሎ ስቆበት ነበር። ነገ አልቃሾቹ ምን ይዘው ያልቅሱ?

«አንድ አለ» አለች ሚስቱ ፈንታነሽ። «ጉና ተራራ ላይ እኔ ያነሳሁት። ገና አልታጠበም።» ብድግ አለች።

«ኧረ ተይ ፈንታዬ! ሐዘንተኛ ከፍራሽ ተነስታ ሥራ ትገባለች? ሰው ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል።»

ጨለማ ክፍሉን ዘግታ ፊልሙን ማጠቢያ መድኃኒቱ ውስጥ ነከረችው። እዚያ ሰዓት አይታይም፤ ባልና ሚስቱ የሚቆጥሩት በአቡነ ዘበሰማያት ነው። ፀሐይ ላይ ለተነሳ ፊልም ሃያ ጊዜ ይደገማል። ለጉምስ?

ባለፈው ወር ለሰርግ ጉና ወጥተው ጉም ወረደባቸው። «ነይ፣ ዛሬስ አንሺኝ» አላት። «ጉም ሁሉን አመድ ያደርገዋል። ብርሃኑን ቆጠብ አድርጌልሻለሁ። መድኃኒቱ ውስጥ ግን አቆዪው፤ ጥቁርና ነጩ የሚለየው እዚያ ነው።» ብሎ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ስንት ልጨምር?» ብላ ጮኸች።

መልሱን ነፋስ ወሰደው። እጁን ሲያነሳ አየች፤ ስንት ጣት እንደሆነ ግን አልለየችም። ጠቅ አደረገችው። ቤት ስንገባ እጠይቀዋለሁ አለች። ማን ቸኮለ!

አሁን ካነሰ ባሏ አመድ ሆኖ ይቀራል፤ ከበዛ ፊቱ ነጭ ይወጣል። ሌላ ፊልም የለ፣ ሌላ አያሌው የለ። ሃያውን ጨረሰች። «በሥላሴ!» ብላ ሦስት ደገመችና አወጣችው።

ፊልሙ ደርቆ ወረቀቱን ስታጥብ እቴነሽ አጠገቧ ነበረች። መጀመሪያ ጋቢው ወጣ፣ ቀጥሎ ጥርሱ።

«ወይኔ ወንድሜ! ሳቁን እይልኝ!» አለች እቴነሽ። «እጁንስ ምን ሆኖ ነው እንዲህ ያነሳው?»

ፈንታነሽ ጎንበስ ብላ አየች። ሦስት ጣት። ሳቅ አመለጣት፤ ደስ አላት፣ ምን ታድርግ!

በማግስቱ በሠልስቱ አልቃሾቹ ፎቶውን ከፍ አደረጉት። ፈንታነሽ ከነጠላዋ ሥር እጇን አውጥታ ሦስት ጣቷን አነሳችለት።