የልጅ ልጄን ጉድ የዘረገፍኩበት እሑድ

የልጅ ልጄ ጃፓንኛ ስትጀምር ይወጣላታል ብዬ ዝም አልኩ። ጊታርም ሹራብ ሥራም ጀምራ ትታለች። ይኼኛው ግን አልለቀቃትም። ይባስ ብሎ የምትማርበት የባህል ማእከል ለአንድ ዓመት ወደ ጃፓን ሊልካት አጫት። የቀረው የአሳዳጊ ፊርማ ነበር፤ አሳዳጊዋ ደግሞ እኔ ነኝ። አልፈርምም ብል ዕድሜ ልኳን ታኮርፈኛለች። ስለዚህ ማእከሉ ራሱ “ትቅርብን” እንዲል ማድረግ ነበረብኝ።

እሑድ ከሰዓት የማእከሉ ኃላፊ ቤታችን መጣች፤ አርባ ዓመት የማይሞላት ቀጭን ጃፓናዊት። ጫማዋን አውልቃ፣ ጫፉን ወደ ደጅ አዙራ አስቀመጠችና ገባች። ሻይ ቀዳሁላት። ቋንቋችንን ስለማታውቅ አስተርጓሚዋ ያችው የልጅ ልጄ ነበረች።

“ስለ ልጅቷ ይንገሩኝ ትላለች፣ እማማ።”

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። “ከእንግዳ ምን ይደበቃል? እንቅልፋም ናት። ካልጎተቷት አትነሳም በያት።”

“እማማ!”

“ተርጉሚ! አስተርጓሚ ቃል አይሰርቅም።”

ፊቷ ቲማቲም መስሎ ተረጎመች።

“ሩዝ ስትቀቅል ድስት ታሳርራለች። ብርድ አትችልም። ስትናደድ በር ደርግማ ነው የምትወጣው። ከሰውም አትገጥም።” የመጨረሻዋ ውሸት ናት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ልጅቷ አንድም ሳታስቀር አደረሰች። ሴትዮዋ ግን በሰማች ቁጥር ትፈካለች! ጭራሽ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችኝ።

“ምን ነካት?”

“በእኛ አገር ጨዋ ሰው የራሱን ልጅ በእንግዳ ፊት አያሞግስም ትላለች። ወደዚህ ከመጣሁ ወዲህ በየቤቱ ‘ልጃችን ወርቅ ናት’ ሲሉኝ ኖሬ እንደ እርስዎ ያለ ትሑት አላየሁም ትላለች። ደግሞ…” ሳቋ አመለጣት፤ “ይህን ሁሉ ስድብ ሳትቀንስ የተረጎመች ተማሪ ሌላ ፈተና አያስፈልጋትም ብላለች።”

ልጥላት ብዬ አነሳኋት! ቶሎ ብዬ ነገሩን ገለበጥኩት።

“ኧረ ንገሪያት፤ ልጄ ዕንቁ ናት! ባለሙያ ናት! ጎሕ ሲቀድ ነው የምትነሳው!”

ኃላፊዋ ይህንን ስትሰማ ፈገግታዋን ሰብስባ ረጋ ብላ ተናገረች።

“ምን አለች?”

“አሁን ገባኝ፤ ስትለይዎት ልብዎ ሊፈርስ ነው አለች። የኃላፊዋም እናት ልጇን ስትሸኝ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ስትሰድባት ነው የሄደችው። እኔም ጃፓን ስሄድ የማርፈው እዚያው እናቷ ቤት ነው።”

“እናትየዋ ስንት ሰዓት ትነሳለች?”

“ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት።”

“እንቅልፋም ስትቀሰቅስስ?”

ኃላፊዋ ብርድ ልብስ እንደሚገፍ ሰው በእጇ አሳየችኝ።

“እስክሪብቶ አምጪ” አልኩ። ፈረምኩ። የእናትየዋንም ስልክ ቁጥር አስጻፍኩ።

“በምን ቋንቋ ሊያወሯት ነው?” አለች የልጅ ልጄ።

“እስክትሄጂ ሦስት ወር አለ። ደብተርሽን አምጪ፤ ከየት ነው የሚጀመረው?”