ሦስተኛው ቁጥር

"ሃና! ዱል! ሴት!"

የቴኳንዶ አሠልጣኙ አለነ ይህን ጮኾ ሳይጨርስ የግቢው የቆርቆሮ በር በኃይል ተበረገደ። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ዱላቸውን ወድረው ገቡ። ገብስ የተጫነች አህያቸው በሩ ላይ ቆመች።

"ምን አልኸኝ? እስቲ ፊቴ ድገመው!"

አሥራ አራቱ ሠልጣኞች እግራቸውን እንዳነሡ ቀሩ። አለነ ከጧት ጀምሮ ባጃጅ ሲነዳ ውሎ፣ ምሳ ሳይቀምስ ነበር ወደ ሥልጠናው የመጣው። ጉልበቱን ያመዋል። ለደባርቅ ወጣቶች ቴኳንዶ ሲያስተምር አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ሁልጊዜ የሚላቸው አንድ ነገር ነው፦ መምታት የምንማረው ላለመምታት ነው። ይሰሙታል፤ ማመናቸውን ግን እንጃ። እሱ ራሱ ሲፈተን አይተው አያውቁም።

"አባቴ፣ እርስዎን ምንም አላልሁም።"

"በአጥሩ ሥር ሳልፍ ጠብቀህ 'ሴት' ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ!"

ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። በኮሪያኛ ሦስት "ሴት" ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ሲጮኸው፣ በውጭ የሚያልፍ ወንድ ምን እንደሚሰማ አንድ ቀን እንኳ አስቦት አያውቅም። ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ዱላው ክርኑ ላይ አረፈ።

ሽማግሌው ዱላቸውን መልሰው ሲያነሡ ጎናቸው ክፍት ነበር። አንድ ምት ይበቃቸዋል፤ የአለነ እግርም ይህን ያውቃል። ከልቡ ተናደደ። ቢሆንም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ደግሞ አንድ። ከሠልጣኞቹ መካከል አንዱ "ፈሪ ለእናቱ" ሲል ሰማው። ከዱላው ይልቅ ይህ አመመው።

ቡናማ ቀበቶ የታጠቀችው ሸጊቱ ከጎን ስትንደረደር አየ።

"ሸጊቱ፣ ቁሚ!" አለና ሁለት እጆቹን ወደ ኋላው አጣመረ። "ስለ ሚካኤል፣ አባቴ! ሦስት ማለት ነው። የሰው አገር ቁጥር ነው።"

የሚካኤል ስም ሲጠራ ዱላው አየር ላይ ቀረ። ሽማግሌው ወደ ሸጊቱ ዞሩ።

"እውነቱን ነው?"

"እውነቱን ነው። ሃና አንድ፣ ዱል ሁለት፣ ሴት ሦስት" አለች እያለከለከች።

"ታዲያ ሦስትን ሦስት አትሉትም?"

ከኋላ አንዱ ሊስቅ ሲል አለነ በዓይኑ ገሠጸው። ሽማግሌው እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ሀብተ ሚካኤል እባላለሁ አሉ።

"አምና ክረምት ጎረቤቴ ወንድሜን ፈነከተው። ዘመድ ሁሉ ጠመንጃህን አንሣ አለኝ። እኔ የሽማግሌ ቃል ሰምቼ ታረቅሁ። ከዚያ ወዲህ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ይኸችኑ 'ሴት' የምትል ቃል ከኋላዬ ይወረውሩብኛል። ዛሬስ መረረኝ፣ ልጄ።"

አለነ ያበጠ ክርኑን አሻሸ። እሱ ዓመቱን ሙሉ የሚሰብከውን እኒህ ሰው ያለ ቀበቶና ያለ አስተማሪ ፈጽመውታል። አንጀቱን በሉት።

"ይቅር ይበሉኝ" አለ።

"መቺው እኔ፣ ይቅርታ ጠያቂው አንተ?" ሀብተ ሚካኤል ተነሥተው ክርኑን በጣታቸው ነካ አደረጉት። "በቅቤ እሸው" አሉና አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ሸጊቱ ቀረብ አለች። "ጋሼ፣ ግን ሴት መባል ይህን ያህል ስድብ ነው?"

"አይደለም" አለ አለነ። "እንዴት እንደማስረዳቸው ግን አላውቅም። ደክሞኛል፣ ሸጊቱ። ተሰለፉ።"

ተሰለፉ። ሀብተ ሚካኤል ከአጥሩ ውጭ የአህያዋን ጭነት ሲያጠብቁ ይሰማል። አለነን ጎንደር ያሠለጠነው መምህር "ቁጥሩን የለወጠ ቀበቶውን ይፍታ" ይል ነበር። አለነም ሃናን በአንድ ለውጦ አያውቅም።

"አንድ!" አለ።

ግማሹ እግሩን አነሣ፣ ግማሹ ግራ ገብቶት ቆሞ ቀረ።

"ሁለት!"

ከዚያም ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ፣ ውጭ ድረስ እንዲሰማ አድርጎ፣ "ሦስት!" ብሎ ጮኸ።