ሁሉም ቋሚ

አቶ ሀብተሥላሴ የዱቄት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ኳስን የሚያውቋት ፒያሳ ላይ መኪናቸውን ስትመታባቸው ብቻ ነው። ታዲያ እኚህን ሰው የክለባችን ፕሬዚዳንት አድርገው ሾሙና እኔን አሰልጣኙን መከራዬን አበሉኝ።

ገና በመጀመሪያው ቀን ተጫዋቾቹን ሰበሰቡና "ችግር ያለበት ይናገር" አሉ። ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣው ይበልጣል እጁን አወጣ።

"ምነው አያ፣ እኔ ዘላለሜን ተጠባባቂ ልሁን?"

"ፋብሪካ ቢሆን የሠራተኛ ማኅበሩ ይከሰኝ ነበር!" ብለው አፈጠጡብኝ። "ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም ቋሚ ናችሁ!"

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። "ጌታዬ፣ እዚህ ቋሚ ማለት ጨዋታውን የሚጀምር ነው፤ የሚጀምሩት ደግሞ አሥራ አንድ ብቻ ናቸው" ብል ማን ሰምቶኝ!

እሑድ ዕለት ሃያ ሁለቱም ቋሚዎች ማሊያቸውን ለብሰው ሜዳ ገቡ። ግማሾቹን ለምኜ፣ ግማሾቹን ተሳድቤ አስወጣሁ። ይበልጣል ግን "ቋሚ ነኝ" ብሎ ድርቅ አለ። ምን ላድርግ? ጎበዙን ተከላካዬን አስቀምጬ እሱን አሰለፍኩ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የተጋጣሚያችን አጥቂ ይበልጣልን አልፎ አክርሮ መታ። ግብ ጠባቂያችን መሬት ላይ ተዘርሯል። ኳሷ የግቡን ቋሚ ብረት ገጭታ ተመለሰች።

"ቋሚው መለሳት!" አለ የድምፅ ማጉያው።

አቶ ሀብተሥላሴ ከክብር ወንበራቸው ዘለው ተነሡና ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

"አላልኩህም? ተጠባባቂ ቢሆን ኖሮ ይመልሳት ነበር?"